ደሞዜ ለሞግዚት ካለቀ ሥራዬን ልልቀቅ?

ሐረጎ_ቁልቁል (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ቤታችን ደሴ ሙጋድ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሰርቪስ እይዛለሁ፣ ቤት ስገባ መሽቷል። ባለቤቴ እዚሁ ደሴ መምህር ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለን፣ ሁለተኛውን አርግዣለሁ።

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው። ይሄን አስቀድሜ ልበል፣ አለዚያ ስድቡን ትጀምራላችሁ። ባለፈው እሑድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቁጭ አለ። እጄ ላይ የሚደርሰው ደሞዝ 11 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ሁለተኛው ሲወለድ አሁን ያለችው ሠራተኛ ብቻዋን አትችልም፣ ሞግዚት መጨመር የግድ ነው። የሁለቱ ደሞዝ፣ ቀለባቸው፣ የእኔ ምሳ፣ የእኔ ልብስና ጫማ... ደመረ፣ ቀነሰ። የሚተርፈው 2 ሺህ አይሞላም። «ለዚህች ብለሽ ነው ልጅ በሰው እጅ የምታሳድጊው?» አለኝ። ስሌቱ ልክ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ መልስ አጣሁ።

ታላቅ እህቴ ግን ትዝ እያለችኝ እንቅልፍ ነሳኝ። ባንክ ትሠራ ነበር። ስታገባ ለቀቀች፣ ልጆች አሳደገች፣ ከ11 ዓመት በኋላ ተፋቱ። ንብረት ተካፍላለች፣ እሱ ላይ ቅሬታ የላትም። ሥራ ፍለጋ ስትወጣ ግን «ያለፉትን 11 ዓመታት የት ነበርሽ?» የማይላት መሥሪያ ቤት ጠፋ። አሁን ባልትና ከፍታ ሽሮና በርበሬ ትሸጣለች። ትኖራለች፣ ግን የባንኩን ሥራ ስታነሳ ድምጿ ይቀየራል።

ልፋታ ብዬ አይደለም የምጠይቀው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

---

የሸዋበር_ልጅ

እህቴ፣ ትዳር ውስጥ ተቀምጦ መውጫ በር ማየት ምን የሚሉት ነገር ነው? ባልሽ ክፉ ቢሆን ይገባኝ ነበር። እናቴ ሰባት ልጅ ስታሳድግ ቢሮ ገብታ አታውቅም፣ ማንም አልጣላትም። ሁሉን ነገር በብር መመንዘር ትዳር ያፈርሳል።

---

እናት_ቧንቧውሃ

(የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።)

አንተ የሸዋበር ልጅ፣ እናትህን ጠይቀሃታል? ወይስ ዝም ስላለች ደስ ያላት መሰለህ?

እኔ በሰማንያ ውል ነው የተዳርኩት። ያኔ ውሉ ሲጻፍ ሽማግሌ ተቀምጦ እሱ ይህን ያህል ከብት፣ እሷ ይህን ያህል ከብት እየተባለ ይመዘገባል። ሲፋቱም ያ ወረቀት ወጥቶ ይነበባል። ጊደሯ ሳትቀር ተጽፋለች። ማጀት ውስጥ የሠራሁትን ግን የጻፈ ሰው አላየሁም። ውሃ ቀድቼ፣ ፈጭቼ፣ አራስ ሆኜ በሳምንቴ ተነስቼ ጋግሬ። ያ ሁሉ የት ተመዘገበ?

ልጄ፣ ሥራሽን አትልቀቂ። ባልሽ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ደግ ሰውም ይሞታል።

---

ሐረጎ_ቁልቁል

እማማ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋን እኔም አላሰብኳትም ነበር።

---

ሚዛን_ኮምቦልቻ

እኔም የሒሳብ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ በሙያ ቋንቋ እናውራ። የሞግዚቷ ደሞዝ ለምን ካንቺ ደሞዝ ብቻ ተቀነሰ? ልጁ የሁለታችሁ ነው። ሞግዚቷ ባትኖር እሱም ክፍል ገብቶ አያስተምርም። ወጪው ከሁለታችሁ ጠቅላላ ገቢ ላይ ይቀነስና እንደገና ይታይ። «የሷ ደሞዝ ለሠራተኛ አለቀ» የሚለው ነገር መዝገብ አያያዙ ላይ ነው የተበላሸው። ይሄን ወረቀት በየቤቱ አየዋለሁ፣ ሁሌም በአንድ ወገን ነው የሚጻፈው።

ሌላው፣ ወረቀቱ የዘንድሮን ብቻ ያሳያል። ሞግዚት የምትፈልጊው ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ነው፣ ሦስት አራት ዓመት። ደሞዝሽ ግን በየዓመቱ ትንሽም ብትሆን ትጨምራለች፣ እድገትም አለ። ከአራት ዓመት በኋላ ስትመለሺ ጥለሽው የሄድሽው ወንበር ላይ አይደለም የምትቀመጪው፣ ያውም ወንበር ከተገኘ።

---

ጦሳ_ሥር

ባልየው እስክሪብቶውን ከማን ነው የተዋሰው? 😄

---

ብቸኛ_አባት_ገራዶ

ከሌላው ጎን ልምጣ። ከተፋታን ወዲህ ሁለቱ ልጆች እኔ ጋር ናቸው። እናታቸው ዱባይ ናት፣ በስልክ ታዋራቸዋለች፣ ብርም ትልካለች፣ አላማትም።

መጀመሪያ እንጀራ የጋገርኩ ጊዜ አብሲት የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም። ሊጡን ቀጥታ ምጣዱ ላይ አዞርኩት። ዓይን የለው፣ ዳሩ ተሰነጣጥቆ መሃሉ ጥሬ። ትንሿ ልጄ ይዛ አየችውና «አባዬ፣ ይሄ ካርቶን ነው» አለች። ጎረቤቴ መጥታ ከቦካው ላይ ቀንሰህ በፈላ ውሃ አብስለህ መልሰህ ቀላቅል ብላ አሳየችኝ። አሁን ማንም አይነቅፈኝም። ሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ሌሊት ነው የሚመጣው። ያኔ ተነስቼ ምጣዱን ስጥድ፣ አክንባሎውን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር መነጽሬ በእንፋሎት ይሸፈናል። እስኪጠራ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ እድገት ሰጥቶኝ አልሄድኩም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያወጣ የለማ። ባለትዳር ብሆን ኖሮ በማግስቱ ሻንጣዬን አነሳ ነበር፣ ልጆቹን ማን ይይዛል የሚል ጥያቄ ወደ ጭንቅላቴም አይመጣም። እድገቴን ሁሉ ያገኘሁት እንደዚያ ነው። እቤት ሰው ነበር።

---

ጠበቃ_አራዳ

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሕጉን ነገር ላስተካክል። በአማራ ክልል የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የፌዴራሉ 213/1992 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው የሚሠራው፣ ሐሳባቸው ግን ይቀራረባል።

አንደኛ፣ «ቤት የዋለች ሴት ባዶ እጇን ትወጣለች» የሚባለው ስህተት ነው። ከጋብቻ በኋላ በማናቸውም ጥረት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። እሱ ቢሠራ፣ እሷ ቤት ብትውል ለውጥ የለውም። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢወጣም የግል ነው ባዩ ማስረዳት አለበት፣ ካላስረዳ የጋራ ተብሎ ይገመታል። ከጋብቻ በፊት የነበረና በውርስ የመጣ ግን የግል ነው።

ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤት የሚያካፍለው ያለውን ንብረት ነው። የባልየው የሥራ ልምድ፣ እድገቱ፣ የነገ ደሞዙ አይካፈልም። ለልጆች ቀለብ ይቆረጣል። ለሚስቲቱ ለራሷ ወር በወር የሚከፈል ደሞዝ ግን የለም። የጠያቂዋ እህት ያጋጠማት ይሄ ነው፣ ድርሻዋን በሕግ አግኝታለች፣ 11 ዓመቱን ግን የሚመልስላት ችሎት የለም።

ሦስተኛ፣ ጡረታ። በግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ። አሠሪው የሚጨምርልሽን 11 በመቶ ባልሽ ወረቀት ላይ አስገብቶታል? በዕድሜ ጡረታ ለመውጣት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ስንት አለሽ?

ለሸዋበሩ ወንድማችን ደግሞ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ ትሥራ የሚል አንቀጽም ነበረው። ለቤተሰቡ ጥቅም ሲባል የትዳር ጓደኛን ሥራ መቃወምም ይቻል ነበር። አሁን ያ ተነስቷል። አዲሱ ሕግ ቀድሞ በጸደቀባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጪ ወዳለ፣ ደሞዝ ወዳለው ሥራ ይበልጥ መሄዳቸውን የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች አጥንተው ጽፈዋል። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» ተረት ብቻ አልነበረም፣ አንቀጽ ነበረው።

---

ሐረጎ_ቁልቁል

ሰባት ዓመት አልፎኛል። አሥር ለመሙላት ሦስት አይሞላም ማለት ነው። 11 በመቶው ወረቀቱ ላይ የለም፣ እኔም አላነሳሁትም።

---

ከጅዳ_መለስ

ጠበቃው፣ በጋራ ይካፈላል ያልከውን እኔ ላይ አላየሁትም። ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠራሁ። ብሩን ከባንክ ውጪ በሆነ ሐዋላ ለባሌ እልካለሁ፣ እሱ ቤት ይሠራል። ቪዲዮ ይልክልኛል፣ ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮው ወጣ፣ በሩ ተገጠመ። ስመጣ ቤቱ አባቱ ግቢ ውስጥ ነው የተሠራው። ሁለተኛ ሴትም ገብታለች። ስከስ መሬቱ የአባቱ ነው፣ ብሩንም አባቱ ነው ያወጣው ተባለ። የምትልኪበትን ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ሐዋላ ምን ወረቀት አለው?

እዚያ ስሠራ ልጄን እናቴ ነበረች የምታሳድገው። ለእናቴ ደግሞ ማን ከፈላት?

---

ጠበቃ_አራዳ

እህቴ ያንቺ ዓይነት ጉዳይ እዚህ ደሴ ሞልቷል። ሕጉ ካንቺ ጋር ነው፣ ማስረጃው ነው የጠፋው። ይህን ለሚያነቡ ሌሎች እህቶች ልበል፦ በባንክ ላኩ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ የድምጽ መልእክት አትደምስሱ። «ለጣሪያው የላክሽው ደርሶኛል» የሚል አንድ የባል መልእክት ብዙ ይረዳል። በቤተሰብ ግቢ ውስጥ ቤት ከመሥራታችሁ በፊት ደግሞ መሬቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይለይ። ያንቺን በውስጥ ጻፊልኝ፣ ይግባኙ ጊዜው ካላለፈ እንየው።

---

ኡሙ_ሐናን

አሰላሙ ዐለይኩም። ጠበቃው የዘለለው አለ። እኛ ብዙዎቻችን በኒካህ ነው የምንጋባው። በሸሪዓ የሴት ገንዘብ የሷ ነው፣ ማህሯም (ባል በኒካህ የሚሰጣት) ደሞዟም። ቤቱን መቀለብ የባል ግዴታ ነው፣ እሷ ከራሷ ብታወጣ ችሮታዋ ነው። ወላሂ ይህን ስሰማ ነው እኔ ሥራ የጀመርኩት፣ ደሞዜን የሚጠይቀኝ የለም።

ግን ሌላኛው ጎኑም ይታይ። የሷ የሷ ከሆነ የሱም የሱ ነው። ሥራ ለቃ 20 ዓመት ቤት የዋለች ሴት በሸሪዓ ስትፋታ ማህሯንና የኢዳዋን (ከፍቺ በኋላ ሳታገባ የምትጠብቀው ጊዜ) ወጪ ነው በመርህ የምታገኘው፣ የቤቱ ግማሽ ይገባኛል ማለት አይቀላትም። መደበኛው ፍርድ ቤት ደግሞ ያካፍላል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚያየው ሁለቱም ከተስማሙ ብቻ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ አለ። ስለዚህ ሥራ ከመልቀቅሽ በፊት ነገ የትኛው ችሎት ፊት እንደምትቆሚ እወቂ። ቤት የምትውል ከሆነ ቢያንስ ስምሽ ካርታው ላይ ይግባ።

---

የሸዋበር_ልጅ

አሁን ሁሉም ስለ ፍቺ ሆነ። ልጅቷ ባሌ ጥሩ ነው ብላለች እኮ።

---

ሱፐርቫይዘር_ፓርክ

@የሸዋበር_ልጅ ስለ ፍቺ የምናወራው ባለትዳሮቹም ስለሚያስቡት ነው።

እኔ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምሠራው፣ በሐምሌ 2009 ከተመረቀ ብዙም ሳይቆይ ጀምሮ። የስፌት መስመር ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ከገጠር መጥተው ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ። ያላገባችው ትንሽ ስትከፋ ትለቃለች። ያገባችው ትቆያለች፣ ስትወልድ ግን ትጠፋለች። በአዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከመውለድ በፊት፣ 90 ቀን ከወለደች በኋላ፣ ከሙሉ ደሞዝ ጋር ነው። አባት ሦስት ቀን አለው። ሦስት ቀን! ገንፎው ሳያልቅ ወደ ሥራ ይመለሳል። 90 ቀኑ ሲያልቅ ሕፃኑን ማን ይያዝ? ደሞዟ ሞግዚት አይቀጥርም። እናቷ ገጠር ናት። ስለዚህ ትለቃለች።

የተፋታችዋ ግን አትለቅም። ኦቨርታይም ሲመጣ መጀመሪያ እጇን የምታወጣው እሷ ናት። ልጇን ለእናቷ ልካ ወር በወር ብር ትልካለች። አለቆች «ጎበዝ ሠራተኛ» ይሏታል። ጉብዝናዋ ከየት እንደመጣ አይጠይቁም።

በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻ ሲደርስ ፓርኩ ተዘረፈ፣ ሥራው ቆመ። ያኔም ወደ አረብ አገር ቀድመው የሄዱት እነዚሁ የተፋቱት ናቸው። ባል ያላት ለጊዜው የምትጠጋበት ነበራት።

---

ልማት_ጣቢያ_ተሁለደሬ

ገጠሩን ልጨምር። እኔ ሐይቅ አካባቢ ግብርና ላይ ነኝ። የመሬት ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ስትፋታ መሬቷን ይዛ ትቀራለች።

ግን መሬቱን ማን ይረስ? ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም የሚለው ልማድ እንዳለ ነው። አርማ፣ አጭዳ፣ ወቅታ፣ ሁሉን ትሠራለች፣ ሞፈሩን ግን አትይዝም። ስለዚህ ለእኩል ትሰጠዋለች፣ ምርቱ ሲመጣ ግማሹ የአራሹ ነው። ቶሎ ድጋሚ የሚያገቡትን ሰው ያማቸዋል። እኔ ብዙዎቹ ባል ሳይሆን አራሽ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። አንዷ በግልጽ ነግራኛለች፦ «ግማሹን ለባዳ ከምሰጥ ለባል ልስጥ፣ ቢያንስ እንጨት ይፈልጥልኛል።»

ወንዱም እንዲሁ ነው። ሚስት የሌለው ገበሬ ጠላውን ማን ይጥመቅለት፣ ለደቦው ማን ያብስልለት? ወር ሳይሞላው ሽማግሌ ይልካል።

---

ጦሳ_ሥር

@ልማት_ጣቢያ_ተሁለደሬ ከዚህ በላይ ቅን የጋብቻ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

---

ሰኞ_ገበያ

ሁላችሁም ስለ ሞግዚት ስታወሩ ሞግዚቷን የጠየቃት የለም። የኔ ሠራተኛ ከወረኢሉ ገጠር ነው የመጣችው። በልጅነቷ ዳሯት፣ ሳትወድ። ፈትታ ስትመለስ ቤተሰቦቿ ፊት ነሷት። ደሴ መናኸሪያ ወርዳ ደላላ አገኛትና እኔ ቤት ገባች። የሷ ፍቺ ነው የኔን ትዳር ያቆመው ብል አላጋነንኩም፣ እሷ ባትኖር እኔና ባሌ በየቀኑ ነበር የምንጣላው።

ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው 120 ቀን እሷን አይመለከትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ነገ ብታረግዝ ያው ወደ መናኸሪያ ነው። ስለዚህ ጠያቂዋ፣ ሞግዚት ስትቀጥሪ በጽሑፍ ይሁን፣ የእረፍት ቀንም ይኑራት። ባንክ ደብተርም አውጪላት።

---

ሚዛን_ኮምቦልቻ

አንድ ጥያቄ። ባልሽ መምህር ነው ብለሻል። ትምህርት ቤታቸው በፈረቃ ነው?

---

ሐረጎ_ቁልቁል

አዎ፣ ጠዋት ነው የሚያስተምረው። ከሰዓት ግን ነፃ አይደለም፣ ማጠናከሪያ ያስጠናል። በወር 5 ሺህ ገደማ ያገኝበታል።

---

ሚዛን_ኮምቦልቻ

እንግዲህ ተገኘ። ወረቀቱ ላይ «እሷ ትልቀቅ» የሚለው ብቻ ነው የተሠላው። «እሱ ማጠናከሪያውን ይተው» የሚለው አልተሠላም። እስቲ እንሥራው። ከሰዓቱን እሱ ልጆቹን ከያዘ ሁለተኛ ሰው መቅጠር አያስፈልግም፣ ያለችው ትበቃለች። የምታጡት 5 ሺህ ነው። የሞግዚቷ ደሞዝና ቀለብ ከዚያ ብዙ አይርቅም። አንቺ ከለቀቅሽ ግን 11 ሺህ፣ አሠሪሽ የሚከፍለው ጡረታ፣ የሰባት ዓመት ልምድ። ይሄ ከፍቺ ጋር ምንም አያገናኘውም። እስከ መቃብር አብራችሁ ብትኖሩም ስሌቱ ያው ነው።

---

ሐረጎ_ቁልቁል

ክሩን ለባለቤቴ አሳየሁት። መጀመሪያ «ቤታችንን አደባባይ አወጣሽው» ብሎ ተኮሳተረ። ትናንት ማታ ግን ራሱ ወረቀቱን አመጣው። እሱ ልጻፍ ብሏል፣ በኔ ስም ይጽፋል።

ባልየው ነኝ። ስለ ስድቡ አመሰግናለሁ። ማጠናከሪያውን ሙሉ በሙሉ አልተውም፣ ሦስት ቀን አድርጌዋለሁ። ሁለቱን ቀን ከሰዓት ልጆቹ የኔ ናቸው። በቀሩት ቀናት እናቴ ከኩታበር መጥታ ትረዳናለች ብለናል። እሷን ገና አልጠየቅናትም። ባለቤቴ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ሥራዋን ትቀጥላለች። ጡረታውን አሥር ዓመት ታስገባ፣ ከዚያ በኋላ እንደገና እንነጋገራለን። ቅዳሜ እንጀራ የኔ ነው፣ የገራዶው ወንድሜ አሳፍሮኛል። ሊጡን ግን እሷ ታቡካልኛለች።

---

እናት_ቧንቧውሃ

ማቡካቱም ሥራ ነው ልጄ። እናትህንም ሳትጠይቅ ቀን አትቁረጥላት፣ እሷም ደክሟታል።

---

ብቸኛ_አባት_ገራዶ

ውስጥ ጻፍልኝ፣ የአብሲቱን መጠን እልክልሃለሁ።